የአላባማ ዩኒቨርሲቲ የእግር ኳስ መዝገብ እንዴት ይነበብ?

አንድ የትምህርት ቤት ቡድን ስንት ጊዜ አሸነፈ፥ ስንት ጊዜስ ተሸነፈ ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ቀላል መስሎ ይታያል። ጨዋታው በአደባባይ የተደረገ፥ ዳኛ የፈረደው፥ ብዙ ሺህ ሕዝብ በዓይኑ ያየው ስለ ሆነ ቈጥሮ ከመጻፍ በቀር ሌላ ድካም ያለበት አይመስልም። እኛም ይህን ምርመራ ስንጀምር ሐሳባችን ይኸው ነበር። ነገር ግን የአላባማን ዩኒቨርሲቲ የእግር ኳስ መዝገብ እያስተያየን ስናነብ፥ አንዱ ዓመት ሁለት ዓይነት ውጤት ይዞ፥ አንዱ ጨዋታ ተሸናፊ እያለው አሸናፊ አጥቶ፥ ሁሉን ያሸነፈ ቡድን ዘውድ ሳይደፋ፥ ሁለት ጊዜ የተሸነፈው ዘውድ ደፍቶ አገኘነው። ከዚህም የተነሣ ጥያቄያችን «ስንት ጊዜ አሸነፈ?» የሚለውን ትቶ «ማን ቈጠረው? መቼ ቈጠረው? ማንንስ ሳይቈጥር ቀረ?» ወደሚለው ተዛወረ።

ይህ ዓይነቱ ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። በተማርንበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኳስ ጨዋታ ውጤት የሚጻፍበት አንድ ደብተር ነበረ። ደብተሩን ተማሪዎች በየተራ ይይዙት ስለ ነበረ አንድ ዓመት ለእኛ ደርሶናል። በዚያው ዓመት ከጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር ተጫውተን 5 ለ 0 የተሸነፍንበትን ቀን «ዝናም ስለ ነበረ ጨዋታው እንደ ጨዋታ አይቈጠርም» ብለን ጽፈን አለፍን። ዝናም መዝነቡ እውነት ነው። ነገር ግን ያን ዕለት አሸንፈን ቢሆን ኖሮ ዝናሙን ባልጻፍነው ነበር። እንግዲህ የሌላውን መዝገብ ስንመረምር ራሳችንን ከበደሉ ነጻ አድርገን እንዳልሆነ አንባብያን አስቀድመው እንዲያውቁልን እንፈልጋለን።

ከብዙዎቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መካከል አላባማን የመረጥንባቸው ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛ፥ ቡድኑ ከ1892 ጀምሮ ሲጫወት የኖረ ስለ ሆነ መዝገቡ ረዥም ነው። ሁለተኛ፥ ዝናው ከፍ ያለ በመሆኑ እያንዳንዱ ቁጥር ደጋፊና ተቃዋሚ አለው፤ የሚከራከሩበት ነገር ደግሞ ለተመልካች ግልጥ ሆኖ ይታያል።

ስለ ጨዋታውና ስለ አቈጣጠሩ

የአሜሪካ እግር ኳስ በስም ይመሳሰል እንጂ እኛ ከምናውቀው እግር ኳስ የተለየ ነው። በእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ኳሱ ሞላላ ሲሆን በእጅ ተይዞ ይሮጡበታል፥ ይወረውሩታልም። ሜዳው ከግብ መሥመር እስከ ግብ መሥመር 100 ያርድ ነው፤ ኳሱን የያዘው ወገን በ4 ሙከራ 10 ያርድ ወደ ፊት መግፋት አለበት፤ ካልቻለ ለባላጋራው ይለቃል። ኳሱን ይዞ የግቡን መሥመር ላለፈ 6 ነጥብ፥ በሁለት ቋሚ እንጨቶች መካከል በእግሩ መትቶ ላሳለፈ 3 ነጥብ ይሰጠዋል። ስለዚህ 42 ለ 21 የሚል ውጤት ቢያጋጥም አንባቢው አይደነቅ።

የውድድሩ ዓመት በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ተጀምሮ በጥር ያልቃል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ሲሆኑ፥ አንዱን የውድድር ዓመት በተጀመረበት ዓመት ስም እንጠራዋለን። መደበኛው ጨዋታ ካለቀ በኋላ የተመረጡ ቡድኖች በጃንዩወሪ መባቻ ገደማ የሚገጥሙበት «ቦውል» የሚባል ጨዋታ አለ።

ከሁሉ ይልቅ ማስተዋል የሚገባው የሚከተለው ነው። በዚህ ጨዋታ የአገር ሻምፒዮን የሚባለው ቡድን ለብዙ ዘመን በሜዳ አልተለየም፤ የሚለየው በድምፅ ነበር። አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ድርጅት ከ1936 ጀምሮ የጋዜጠኞችን ድምፅ እየሰበሰበ ቡድኖቹን በተራ ያስቀምጥ ነበር። ሌላው የዜና ድርጅት ዩናይትድ ፕሬስ ደግሞ ከ1950 ጀምሮ የአሠልጣኞችን ድምፅ ይሰበስብ ነበር። ከነዚህም ሌላ በሒሳብ ቀመር ሻምፒዮን የሚሰይሙ ግለ ሰቦች ነበሩ። አንደኛውና ሁለተኛው ቡድን በሜዳ እንዲገጥሙ የሚያስገድድ ሥርዓት የቆመው በ1998 ነው፤ አራት ቡድኖች የሚለዩበት ውድድር በ2014፥ አሥራ ሁለት ቡድኖች የሚለዩበት ደግሞ በ2024 ተጀመረ። እንግዲህ «ሻምፒዮን» የሚለው አንድ ቃል በ1925፥ በ1964ና በ2020 ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይናገራል። መዝገቡ ግን ሦስቱንም በአንድ ዓምድ ሥር ያሰልፋቸዋል።

ስለ 18ቱ ዘውዶች

ዩኒቨርሲቲው 18 ጊዜ የአገር ሻምፒዮን ሆኛለሁ ይላል። ከነዚህ 6ቱ በአሠልጣኝ ፖል ብራያንት ዘመን የተገኙ ናቸው፤ እነርሱም የ1961፥ የ1964፥ የ1965፥ የ1973፥ የ1978ና የ1979 ናቸው። አንዱ በ1992 በአሠልጣኝ ጂን ስቶሊንግስ ተገኘ። ሌሎቹ 6ቱ በአሠልጣኝ ኒክ ሴባን ዘመን የመጡት የ2009፥ የ2011፥ የ2012፥ የ2015፥ የ2017ና የ2020 ናቸው። የቀሩት 5ቱ የ1925፥ የ1926፥ የ1930፥ የ1934ና የ1941 ሲሆኑ፥ ክርክሩ የሚነሣው በተለይ በነዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ዩኒቨርሲቲው እነዚህን አምስቱን በዝርዝሩ ውስጥ ያስገባቸው በ1980ዎቹ ዓመታት፥ የስፖርት ማስታወቂያ ክፍሉ የቀድሞውን ታሪክ እንደገና ባዘጋጀ ጊዜ ነው።

ዘግይቶ መጻፍ ብቻውን ነቀፌታ አይሆንም። የ1925 ቡድን በአሠልጣኝ ዋላስ ዌድ እየተመራ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሸነፍ ዓመቱን ጨርሶ፥ ጃንዩወሪ 1 ቀን 1926 በካሊፎርኒያ በሮዝ ቦውል ሜዳ ዋሽንግተንን 20 ለ 19 አሸንፏል። ከደቡብ ክፍለ ሀገሮች ተጠርቶ በሮዝ ቦውል የተጫወተ የመጀመሪያው ቡድን ይኸው ነው። በዚያን ጊዜ የደቡብ ኳስ ከሰሜኑና ከምዕራቡ ያነሰ ነው ተብሎ ይታሰብ ስለ ነበረ፥ ይህ ድል ከአንድ ጨዋታ በላይ ትርጉም ነበረው። ለእንደዚህ ያለው ቡድን ሻምፒዮን ቢባል የሚከፋ ያለ አይመስለንም።

የ1941 ግን ሌላ ነው። በዚያ ዓመት አላባማ 9 ጊዜ አሸንፎ 2 ጊዜ ተሸነፈ። የተሸነፈውም በሚሲሲፒ ስቴት 14 ለ 0፥ በቫንደርቢልት 7 ለ 0 ነው። የራሱን የደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስ እንኳ አላሸነፈም፤ ያሸነፈው ሚሲሲፒ ስቴት ነበር። በአሶሺየትድ ፕሬስ ድምፅ 20ኛ ሲሆን፥ አንደኛው ሚኔሶታ ነው። ሻምፒዮን የተባለው በአንድ ሰው የሒሳብ ቀመር ብቻ ነው። ጎረቤቱን ያላሸነፈ ቡድን አገሩን ሁሉ አሸነፈ ሲባል አንባቢ እንዴት ይቀበለው? ዩኒቨርሲቲው ይህን ዘውድ የደፋላቸው ጨዋታው ካለፈ ከ40 ዓመት ያህል በኋላ መሆኑን ስናስብ ደግሞ ነገሩ የተጫዋቾቹ ሥራ ሳይሆን የጸሐፊው ሥራ ሆኖ ይታየናል።

ከዚህ ጋር የ1964ን፥ የ1966ንና የ1973ን ዓመታት ብናስተያይ የነገሩ ጠማማነት ይበልጥ ይገለጣል። በ1964 የጋዜጠኞቹ የመጨረሻ ድምፅ የተሰጠው ከቦውል ጨዋታዎች በፊት ነበር። አላባማ በድምፅ ሻምፒዮን ከተባለ በኋላ ጃንዩወሪ 1 ቀን 1965 በኦሬንጅ ቦውል በቴክሳስ 21 ለ 17 ተሸነፈ፤ ዘውዱ ግን አልተነሣበትም። በ1973ም እንዲሁ አሠልጣኞቹ ድምፃቸውን አስቀድመው ሰጥተው ስለ ነበረ፥ ዲሴምበር 31 ቀን በሹገር ቦውል በኖትር ዴም 24 ለ 23 የተሸነፈው አላባማ በነርሱ ዘንድ ሻምፒዮን ሆኖ ቀረ። በ1966 ግን አላባማ 11 ጊዜ ተጫውቶ 11ዱንም አሸነፈ፤ በሹገር ቦውልም ኔብራስካን 34 ለ 7 ረታ። ሆኖም ጋዜጠኞቹ ሦስተኛ አደረጉት፤ አንደኛ ያደረጉት ከሚሺገን ስቴት ጋር 10 ለ 10 እኩል የወጣውን ኖትር ዴምን ነው።

እንግዲህ በዩኒቨርሲቲው ዝርዝር ውስጥ ሁለት ጊዜ የተሸነፈው የ1941 ቡድን አለ፤ አንድም ጊዜ ያልተሸነፈው የ1966 ቡድን የለም። በ1966 የተጫወቱት ልጆች ከዚህ የበለጠ ምን ማድረግ ይችሉ ነበር? መልሱ ምንም የሚል ነው። በሜዳ የሚደረገውን ሁሉ አድርገዋል፤ የጐደላቸው በጠረጴዛ ዙሪያ የሚደረገው ነው። የ1964ቱን ዘውድ «የዘመኑ ሥርዓት እንዲህ ነበረ» ብሎ መጠበቅ ይቻላል፤ እኛም እንስማማለን። ነገር ግን የዘመኑ ሥርዓት ዳኛ ከሆነ የ1941ን ዘውድም የዘመኑ ሥርዓት ይፍረድበት። አንዱን በዘመኑ ድምፅ፥ ሌላውን በኋለኛው ዘመን ብዕር መቍጠር በሁለት ቍና እንደ መስፈር ነው።

ስለ ተሰረዙት ድሎች

እስካሁን የተመለከትነው መዝገቡ የሚጨምረውን ነው። አሁን ደግሞ የሚቀንሰውን እንመልከት።

በ1993 የውድድር ዓመት አላባማ በሜዳ 9 ጊዜ አሸንፎ፥ 3 ጊዜ ተሸንፎ፥ አንድ ጊዜ እኩል ወጣ። ዘግየት ብሎ ከተጫዋቾቹ አንዱ ከወኪል ጋር ውል በመፈራረሙ መጫወት የማይፈቀድለት እንደ ነበረ ተገለጠ። ብሔራዊው የኮሌጆች የስፖርት ማኅበርም 8 ድሎችና አንዱ እኩል ጨዋታ በፎርፌ ለባላጋራዎቹ እንዲሰጡ በየነ። ስለዚህ የዚያ ዓመት የመዝገብ ውጤት 1 ድልና 12 ሽንፈት ሆነ።

በ2005፥ በ2006ና በ2007 የሆነው ደግሞ ከዚህ ይለያል። በ16 የስፖርት ዓይነቶች የሚሳተፉ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በነጻ የሚሰጣቸውን የመማሪያ መጻሕፍት ለራሳቸው ብቻ ሳይሆን ለሌሎችም ሲያወጡ ተገኙ። ማኅበሩ በ2009 በሰጠው ፍርድ የእግር ኳሱ ቡድን 21 ድሎች እንዲሰረዙ አዘዘ። በዚህም መሠረት የ2005 10 ድልና 2 ሽንፈት፥ 0 ድልና 2 ሽንፈት ሆነ፤ የ2006 6 ድልና 7 ሽንፈት፥ 0 ድልና 7 ሽንፈት ሆነ፤ የ2007 7 ድልና 6 ሽንፈት ደግሞ 2 ድልና 6 ሽንፈት ሆነ።

በፎርፌና በስረዛ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ መስሎ ቢታይም ለታሪክ ጸሐፊ ታላቅ ነው። ፎርፌ ድሉን ከአንዱ ወስዶ ለሌላው ይሰጣል። ስረዛ ግን ድሉን ከአሸናፊው ይወስዳል እንጂ ለተሸናፊው አይሰጠውም፤ የተሸነፈው ቡድን በራሱ መዝገብ እንደ ተሸነፈ ይቀራል። ከዚህም የተነሣ ተሸናፊ ያላቸው፥ አሸናፊ ግን የሌላቸው 21 ጨዋታዎች ተፈጠሩ። የ2007ን መዝገብ ብቻ የሚያነብ ሰው ቡድኑ 8 ጊዜ የተጫወተ ይመስለዋል፤ በእውነት የተጫወተው 13 ጊዜ ነው።

የተበደለ ሥርዓት ቅጣት አያስፈልገውም አንልም። ያለ ቅጣት ሕግ የለም። ነገር ግን ቅጣትና ምስክርነት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ዳኛ አንድን ሰው ከመሬቱ ቢነቅለው መሬቱን ያርስ የነበረው እርሱ እንዳልሆነ አድርጎ አይጽፍም፤ «ያርስ ነበር፥ በዚህ ምክንያት ተነቀለ» ብሎ ይጽፋል እንጂ። ማኅበሩ ዘውድ ይንሣ፥ ገንዘብ ይቀማ፥ ከቦውል ይከልክል፤ ይህ ሥልጣኑ ነው። በሕዝብ ፊት የሆነውን አልሆነም ማለት ግን ከሥልጣኑ በላይ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ መጽሐፍ ያላወጣው፥ ሕግ ያልጣሰው ተጫዋች ነው። የርሱ ሥራ ከሌላው ጥፋት ጋር አብሮ ተፋቀ።

ስላልተቈጠሩት

የተጨመረና የተቀነሰ ቁጥር ቢያንስ ፈለግ ይተዋል። ፈለግ የማይተው ጨርሶ ያልተቈጠረው ነው።

በ1961፥ በ1964ና በ1965 ሻምፒዮን በተባሉት የአላባማ ቡድኖች ውስጥ አንድ ጥቁር ተጫዋች አልነበረም። ሊኖርም አይችልም ነበር። ኦተሪን ሉሲ የተባለችው ጥቁር ተማሪ በፌብሩወሪ 1956 ወደ ዩኒቨርሲቲው ብትገባ፥ ሕዝብ ተሰብስቦ ስለ ዐመፀባት ጥቂት ቀን ብቻ ተምራ አገዷት፤ ኋላም አባረሯት። ጁን 11 ቀን 1963 ቪቪያን ማሎንና ጄምስ ሁድ ለመመዝገብ በመጡ ጊዜ የክፍለ ሀገሩ ገዥ ጆርጅ ዋላስ በር ላይ ቆሞ ሊከለክላቸው ሞከረ፤ የፌዴራሉ መንግሥት ኃይል ባይገባ ኖሮ ባልተመዘገቡም ነበር። ማሎን በ1965 ከዩኒቨርሲቲው ተመርቃ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ጥቁር ምሩቅ ሆነች። በዚያው በ1965 መከር ነጮች ብቻ የሚጫወቱበት ቡድን የአገር ሻምፒዮን ተባለ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት፥ በአንድ ግቢ የሆኑ ናቸው፤ የኳሱ መዝገብ ግን የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው።

ስለ ቡድኑ መለወጥ በተለምዶ የሚነገረው ታሪክ የሚከተለው ነው። ሴፕቴምበር 12 ቀን 1970 የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርሚንግሃም ድረስ መጥቶ አላባማን 42 ለ 21 አሸነፈ፤ ሳም ካኒንግሃም የተባለው ጥቁር ተጫዋች ያን ዕለት 135 ያርድ ሮጦ ሁለት ጊዜ ግብ አገባ፤ ይህን ያየው ሕዝብ ልቡ ተለወጠ፤ የጥቁሮችም በር ተከፈተ ይባላል። ታሪኩ ደስ ያሰኛል። ሆኖም ከቀኖቹ ጋር ስናስተያየው አይገጥምም። ዊልበር ጃክሰን የተባለው ጥቁር ተጫዋች የአላባማን የትምህርት ድጋፍ ተቀብሎ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ የሆነው ከዚያ ጨዋታ በፊት ነው፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች በዋናው ቡድን እንዲጫወቱ ስለማይፈቀድ ግን ያን ዕለት አልተሰለፈም። ከርሱም በፊት በ1967 አምስት ጥቁር ተማሪዎች ያለ ምንም ድጋፍ በገዛ ፈቃዳቸው ለልምምድ ቀርበው ነበር። በ1969ም የዩኒቨርሲቲው ጥቁር ተማሪዎች ማኅበር በአሠልጣኝ ብራያንት ላይ በፍርድ ቤት ክስ አቅርቧል። በ1971 ጆን ሚቸል ለአላባማ በዋናው ቡድን የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ፤ ቡድኑም ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዶ ያንኑ ደቡብ ካሊፎርኒያን 17 ለ 10 አሸነፈ።

እንግዲህ በሩን የከፈተው የአንድ ከሰዓት በኋላ ሽንፈት ነው ስንል፥ በሩን ለዓመታት ሲያንኳኩ የነበሩትን ተማሪዎች እንረሳለን። ሽንፈቱ የሕዝቡን አሳብ አላራደውም ማለታችን አይደለም፤ ብዙ ሰው ሊያሳምን ይችላል። ግን የተለመደው ታሪክ ምስጋናውን ሁሉ ለኳሱና ለአሠልጣኙ ብልኀት ሰጥቶ፥ ለከሳሾቹና ለአምስቱ ልጆች አንድ መሥመር እንኳ ሳይተው ይቀራል። ምክንያቱ ግልጥ ነው። እነርሱ ነጥብ አላገቡም፤ ነጥብ ያላገባ ደግሞ በነጥብ መዝገብ አይጻፍም።

በሚዛን ለመናገር ይህ የአላባማ ብቻ በደል አልነበረም። በደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስ ጥቁር ተጫዋች ለመጀመሪያ ጊዜ በዋናው ቡድን የተሰለፈው በ1967 በኬንተኪ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት በዚህ ኮንፈረንስ የተመዘገቡት ውጤቶች ሁሉ፥ የአሸናፊውም የተሸናፊውም፥ ከሕዝቡ ከፊሉ እንዳይገባ በታጠረ ሜዳ የተገኙ ናቸው። ድሎቹ ይፋቁ አንልም፤ ስለ ስረዛ ከዚህ በላይ የተናገርነው እዚህም ይጸናል። በዓምዱ አጠገብ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ እንላለን።

ስለ ቅርቡ የውድድር ዓመታት

አሠልጣኝ ሴባን ከ2007 እስከ 2023 ድረስ 17 ዓመት አሠልጥነው በጃንዩወሪ 2024 ጡረታ ወጡ። በሜዳ 206 ጊዜ አሸንፈው 29 ጊዜ ተሸንፈዋል፤ በመዝገብ ግን ከላይ በተናገርነው ስረዛ ምክንያት ድላቸው 201 ነው። በመጨረሻ ዓመታቸው በ2023 12 ጊዜ አሸንፈው 2 ጊዜ ተሸንፈዋል።

በርሳቸው ቦታ የመጡት ኬለን ዲቦር ናቸው። በ2024 9 ድልና 4 ሽንፈት፥ በ2025 11 ድልና 4 ሽንፈት አገኙ። በ2024 በቫንደርቢልት 40 ለ 35 መሸነፋቸው ብዙ አነጋገረ። በ2025 በመጀመሪያው ጨዋታ በፍሎሪዳ ስቴት 31 ለ 17 ቢሸነፉም፥ በጆርጂያ ሜዳ ጆርጂያን 24 ለ 21 አሸነፉ። በኮንፈረንሱ ፍጻሜ ግን ያው ጆርጂያ 28 ለ 7 ረታቸው። በአሥራ ሁለቱ ቡድኖች ውድድር ኦክላሆማን 34 ለ 24 ካሸነፉ በኋላ በሮዝ ቦውል በኢንዲያና 38 ለ 3 ተሸነፉ። ኢንዲያና በሽንፈት ብዛት ሲታወቅ የኖረ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ያን ዓመት ግን 16 ጊዜ ተጫውቶ 16ቱንም አሸንፎ የአገር ሻምፒዮን ሆነ።

ስለነዚህ ሁለት ዓመታት የሚሰማው ፍርድ «ቡድኑ ወደቀ» የሚል ነው። ይህ ፍርድ ትክክል መሆኑን ለማወቅ ሒሳቡን ራሳችን ሠራነው። ዲቦር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በ28 ጨዋታ 20 ድልና 8 ሽንፈት አላቸው፤ ይህም ከመቶ 71 ያህል ነው። ሴባን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት፥ ማለት በ2007ና በ2008፥ በሜዳ በ27 ጨዋታ 19 ድልና 8 ሽንፈት ነበራቸው፤ ይህም ከመቶ 70 ያህል ነው። በ2007 በሉዊዚያና ሞንሮ 21 ለ 14 እንደ ተሸነፉ ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። እንግዲህ ቁጥሩ ብቻ ቢጠየቅ ሁለቱን ሰዎች ሊለያቸው አይችልም።

ነገር ግን ቁጥሩ ብቻውን መጠየቅ የለበትም። ሴባን የተረከቡት በ2006 6 ድልና 7 ሽንፈት የነበረውን ቡድን ነው፤ ዲቦር የተረከቡት 12 ድልና 2 ሽንፈት የነበረውን ነው። አንዱ ወደ ላይ ሲወጣ፥ ሌላው ወደ ታች ሲወርድ በአንድ እርከን ላይ ተገናኙ። ስለዚህ ተመሳሳይ ቁጥር ተመሳሳይ ታሪክ አይደለም። ይህን አለመናገር ሒሳባችንን ለጠበቃነት ማዋል ይሆንብን ነበር።

በሌላ በኩል የሜዳው ሕግ ራሱ ተለውጧል። ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። በዚያው ዓመት ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው ተዛውሮ ዓመት ሳይጠብቁ መጫወትም ተፈቀደ። በ2025 ደግሞ ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ለተጫዋቾች እንዲከፍሉ ተፈቀደ። ቀድሞ ታላቁ ቡድን ጐበዞቹን ሰብስቦ ተራቸው እስኪደርስ ድረስ በወንበር ያስቀምጣቸው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ተራውን የማይጠብቅ ሁሉ ወደ ሌላ ይሄዳል። ሴባን ጡረታ በወጡ ጊዜ ወደ ኦሃዮ ስቴት የተዛወረው ኬሌብ ዳውንስ በዚያው በ2024 የውድድር ዓመት ከአዲሱ ቡድኑ ጋር የአገር ሻምፒዮን ሆኗል። የኢንዲያና መነሣትና የአላባማ ዝቅ ማለት የአሠልጣኞች ብልኀት ብቻ ሳይሆን የዚህ ለውጥ ፍሬም ይመስለናል።

ዘመንን ከዘመን ማወዳደር ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ አንድ ምሳሌ ጨምረን እንለፍ። ብራያንት ከ1958 እስከ 1982 በ25 ዓመት 232 ድል፥ 46 ሽንፈትና 9 እኩል ውጤት አገኙ፤ ሴባን አንድም እኩል ውጤት የላቸውም። ይህ ከሰዎቹ ጠባይ የመጣ አይደለም፤ ከ1996 ጀምሮ እኩል የወጣ ጨዋታ በተጨማሪ ጊዜ እንዲለይ ስለ ተወሰነ ነው። የብራያንት ቡድን በዓመት በአማካይ ከ12 ያነሰ ጨዋታ ሲጫወት፥ የሴባን ቡድን ወደ 14 ይጠጋ ነበር። ስለዚህ በድል ብዛት ማን ይበልጣል የሚለው ክርክር አንዱ በአምስት ወቄት ሌላው በስድስት ወቄት እየመዘነ የሚደረግ ክርክር ነው።

መደምደሚያ

«ስለ ኳስ ይህን ያህል መጨነቅ ምን ይጠቅማል?» የሚል ባልንጀራ አይጠፋም። የምንመልስለት ይህን ነው። 100,000 ያህል ሕዝብ በሚይዝ ሜዳ በብርሃን የተደረገ፥ በማግሥቱ በጋዜጣ የታተመ ነገር በአንድ ትውልድ ውስጥ እንዲህ የሚታጠፍ ከሆነ፥ ጥቂት ሰዎች ብቻ ያዩት፥ አንድ ሰው ብቻ የጻፈው ነገር ምን ያህል ይታጠፍ ይሆን? በዚህ ኮሌጅ ውስጥ ከሽማግሌዎች ቃል፥ ከግብር መዝገብና ከዜና መዋዕል ታሪክ ለማውጣት የምንደክም ሁሉ በቀላሉ ጉዳይ ላይ ዓይናችንን ብናሠለጥን ለከባዱ ይረዳናል።

ስለ መዝገቡ ያለን አሳብ አጭር ነው። ለእያንዳንዱ ዓመት ሦስት ዓምዶች ይኑሩት፤ በመጀመሪያው በሜዳ የሆነው፥ በሁለተኛው የማኅበሩ ፍርድ፥ በሦስተኛው ዩኒቨርሲቲው ለራሱ የሚለው ከነ ጻፈበት ዓመት ይጻፍ። ከሥርም መጫወት ይፈቀድለት የነበረው ማን እንደ ሆነ ይገለጥ። እንዲህ የተጻፈ መዝገብ የ1966ን ልጆች አይበድልም፥ የ1941ን አያሞግስም፥ የ2007ን አይፍቅም፥ የ1967ቱን አምስት ተማሪዎችም አይረሳም።

በዚህ ጽሑፍ ስሕተት የሚያገኙ አንባብያን እንዲያርሙን እንለምናለን። እኛም የጀመርነውን እርማት ከራሳችን ብናደርግ ይገባል። ከላይ ስለ ተናገርነው ደብተር ለቀድሞው ትምህርት ቤታችን ደብዳቤ ልከናል። ደብተሩ ካልጠፋ፥ በዚያ ገጽ ላይ «5 ለ 0 ተሸነፍን፤ ዝናም ነበረ» ተብሎ እንዲጻፍልን ጠይቀናል።